አሰላ ከሩጫው ሌላ

ቁሉምሳ ዘንድሮ 60 ዓመቱን ደፈነ። ከአሰላ በስተሰሜን፣ ከአዳማ በሚመጣው አስፋልት ዳር ያለው ይህ የእርሻ ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። አጋጣሚው ጥሩ ነው። አገሩ ሁሉ ስለ ስንዴ የሚያወራበት ዘመን ነውና። የበጋ መስኖ ስንዴ፣ ኩታ ገጠም እርሻ፣ በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ መባሉ፣ ከዚያ የተከተለው የማዳበሪያ እጥረትና እሮሮ፣ ይህ ሁሉ ከዜና አልጠፋም። የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ ወሬ መሀል የአሰላ ስም እምብዛም አይነሳም። የዛሬው የስንዴ ፖሊሲ ማዳበሪያውም፣ ምርጥ ዘሩም፣ ብድሩም፣ የልማት ሠራተኛውም በአንድነት መጀመሪያ በሰፊው የተሞከሩት ግን በዚህች ከተማ ዙሪያ ነበር።

አሰላ ሲባል ሰው የሚያስበው ሯጮችን ነው። ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን። እሱ ሐሰት አይደለም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ነገር ግን ከተማዋን ከተማ ያደረጋት፣ ስሟን በዓለም የልማት ጥናት መጻሕፍት ውስጥ ያስገባው፣ ሩጫው ሳይሆን አንድ የእርሻ ፕሮጀክትና በእሱ ዙሪያ የተነሳው ክርክር ነው። ይህ ዳሰሳም ወደዚያ ማጋደሉ አይቀርም።

አሰላ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በፍጥነት መንገዱ አዳማ ይደረስና ከዚያ ደራን፣ ኢተያን አልፎ ዳገቱ ይጀምራል። ከአዳማ ሙቀት የወጣ ሰው ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሹራብ ይፈልጋል። ከተማዋ በ2,430 ሜትር ከፍታ ላይ የጭላሎን ተራራ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ወደ ምዕራብ ስትመለከት ሜዳው እስከ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ አየሩ ሲጠራ የዝዋይ ሐይቅ ይታያል። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ 67,269 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ሰፋች በአዳማ መንገድ የገባ ሁሉ ያያል። ጋሪውና ባጃጁ እየተጋፉ የሚሄዱባት፣ ማለዳ ጋቢ የማይጠላባት ከተማ ናት። ምግቡን ለጠየቀ፣ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጩኮ፣ በቅቤ የራሰው ጩምቦ የአርሲ መታወቂያ ናቸው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።

የጥንቱን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። በመካከለኛው ዘመን ይህ አካባቢ በፈጠጋር፣ በደዋሮና በባሌ ስሞች በዜና መዋዕሎች ይነሳል፤ ከግራኝ አሕመድ ጦርነትና ከኦሮሞ መስፋፋት በኋላ ደጋው የአርሲ ኦሮሞ አገር ሆኖ በገዳ ሥርዓት ኖረ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በቅርስነት የመዘገበው ገዳ እዚህ የወንዶች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የአርሲ ሴት ስታገባ የምትቀበለው ቀጭን በትር፣ ሲንቄ፣ የመብቷ ምልክት ነው። አንዷ በባሏ ወይም በሌላ ሰው ግፍ ሲደርስባት የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ በዳዩ ሳይክስና ሳይታረቅም አይመለሱም። ስለ አርሲ ከሚጻፉት ነገሮች ሁሉ እጅግ ያነሰ ቦታ የሚሰጠው ይህ ይመስለኛል።

ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. የሸዋ ጦር በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ መሪነት አርሲን ለመያዝ ተደጋጋሚ ዘመቻ አደረገ። የአርሲ ተዋጊዎች፣ ሌንጂሶ ዲጋን የመሰሉ መሪዎች ይዘው፣ ዓመታት ተቋቋሙ፤ በአዙሌ ጦርነት ግን ጠመንጃ በጦር ላይ አየለ። ከዚያ ቀጥሎ በአኖሌ ደረሰ ስለሚባለው የእጅና የጡት ቆረጣ አርሲዎች በአፍ ሲወራረሱት ኖረዋል፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ማስረጃውን ይሞግታሉ። በ2006 ዓ.ም. በሔጦሳ ወረዳ የአኖሌ ሐውልት ሲመረቅ ክርክሩ ከጉባኤ አዳራሽ ወጥቶ ወደ አደባባይና ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ገባ። ስለ እሱ በቂ ተጽፏል፤ ብዙው ደግሞ በቁጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። መሬቱ ተከፋፈለ። ለዘማች፣ ለሹም፣ ለቤተ ክህነት፣ ለባላባት ተሰጠ፤ ከጣሊያን መውጣት በኋላም ለአርበኛና ለስደት ተመላሽ ተጨመረ። ትናንት የራሱን መሬት ያርስ የነበረው ሰው የእኩል ወይም የሲሶ አራሽ ሆነ። በመግቢያው ያነሣሁት የእርሻ ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ሲመጣ ያገኘው ይህን ሥርዓት ነበር።

አሰላ የግዛት መቀመጫ የሆነችው ዘግይታ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአርሲ ዋና ከተማ ትቾ ነበረች። ከነጻነት በኋላ ሹመቱ ወደ አሰላ ዞረ፤ የጭላሎ፣ የትቾና የአርባ ጉጉ አውራጃዎችም ጉዳይ በአሰላ በኩል መሄድ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት አንድ ስምምነት ፈረሙ። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተወለደ፤ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ካዱ አለው። መቀመጫው አሰላ፣ የሥራው ክልል የጭላሎ አውራጃ፣ 10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ መሬትና ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ስዊድናዊው ቤንግት ኔክቢ ነበሩ። ሐሳቡ ለዘመኑ አዲስ ነበር፤ ገበሬውን በአንድ በኩል ብቻ መርዳት አይበቃም፣ ምርምሩ፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ ገበያው፣ መንገዱ፣ ውኃው፣ ጤናው በአንድነት መምጣት አለባቸው የሚል። ቁሉምሳ ዘሩን ይሞክራል፤ የልማት ሠራተኛው ወደ ገበሬው ያወርደዋል፤ አርአያ ገበሬ ተብሎ የተመረጠው በማሳው ላይ ያሳያል፤ የንግድ ማዕከላቱ ምርቱን ይገዛሉ። የተዳቀሉ የወተት ላሞች መጡ። የአሰላ የእርሻ መሣሪያ ክፍል ማረሻና የበሬ ጋሪ እየነደፈ ይሞክር ጀመር፤ የዛሬው የአሰላ የእርሻ ምሕንድስና ምርምር ማዕከል ሥሩ እዚያ ነው።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የወሰደ ገበሬ ከጎረቤቱ ብዙ አብልጦ አመረተ። በዚህ ላይ ካዱን የሚከስ የለም።

ክሱ ሌላ ነው። በጭላሎ ከሚያርሱት ግማሽ ያህሉ ጭሰኞች ነበሩ። ጭሰኛ ካዱ ዘንድ ሄዶ ማዳበሪያ በብድር ለመውሰድ የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ከወሰደም ከትርፉ እኩሌታው ወይም ሲሶው የባለመሬቱ ነው፤ ዕዳው ግን የራሱ። ባለመሬቱስ? ስንዴ ሲያዋጣ ባየ ጊዜ ጭሰኛ አላስፈለገውም። ለእርሻ ተብሎ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ነዳጁም ከግብር ነጻ ነበር። ኢተያና ሁሩታ አካባቢ ያለው ሜዳ ደግሞ ለማሽን የተሠራ ይመስላል። ስለዚህ ባለመሬቱ ወይ ራሱ ትራክተር ገዛ፣ ወይ ትራክተር ላለው ኮንትራክተር አከራየ፤ ጭሰኛው ከነቤተሰቡና ከነከብቱ ተነሣ። ያልተነሣው ኪራይ ተጨመረበት። ድሀውን ገበሬ ሊያነሣ የመጣው ፕሮጀክት ድሀውን ከመሬቱ የሚያስነሣበት ዘመን ሆነ።

እዚህ ላይ ካዱን የማከብርበትን ነገር ልናገር። ድርጅቱ ይህን አልደበቀም። መፈናቀሉን ያጠኑት የራሱ ባለሙያዎች ናቸው፤ ጽሑፉንም በራሱ ቁጥርና ማኅተም አሳተሙት። ኋላ ድርጅቱን የመሩት ሄኖክ ክፍሌ በሜካናይዝድ እርሻ ላይ ያደረጉት ጥናት ከእነዚህ አንዱ ነው። ብድሩ ለትልልቅ ባለመሬቶች እንዳይሰጥ ገደብ ተበጀ። ስዊድኖቹም ከመንግሥት ጋር ሲዋዋሉ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ሕግ እንዲወጣ ጠይቀው ነበር። ረቂቁ ፓርላማ ገባ፤ በፓርላማው የተቀመጡት አብዛኞቹ ባለመሬቶች ነበሩ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ይወጡ ነበር። ጭላሎ ለተማሪው ክርክር ሕያው ምስክር ሆነች። ያለ መሬት ለውጥ ማዳበሪያ የሚያደላው ለማን እንደሆነ ለማየት አሰላ ድረስ መሄድ ብቻ ይበቃ ነበር።

አሜሪካዊው ምሁር ጆን ኮሄን ስለ ካዱ ብዙ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው መጽሐፍ በዓለም የልማት ትምህርት ውስጥ ጭላሎን የክርክር ምሳሌ አድርጓታል። በአንድ ወገን፣ ካዱ ያለ መሬት ለውጥ መጀመሩ ስሕተት ነበር፤ ባለመሬቱን አጠናክሮ ድሀውን አፈናቀለ የሚሉ አሉ። በሌላ ወገን ደግሞ፣ ካዱ ባይኖር የመሬቱ ጉዳይ በዚያ ጥራት አይጋለጥም ነበር፤ ምርትንና ገቢን የሚጨምር መንገድ እንዳለ አሳይቷል የሚሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው ባደላም የመጀመሪያውን መናቅ አልችልም። የተፈናቀለው ጭሰኛ የምርምር መረጃ ሆኖ መቆጠሩ አያጽናናውም። ይሁንና ካዱ የከሸፈው በስንዴው ሳይሆን በውሉ ነው፤ ውሉን ለመለወጥ ደግሞ ሥልጣን አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ መንግሥት የካዱን ነገር አሳንሶ፣ መንገዱንና ጤናውን ትቶ፣ ዘርና ማዳበሪያ ከብድር ጋር ብቻ ይዞ በአነስተኛ ፓኬጅ ስም ወደ ሌሎች አውራጃዎች ወሰደው። ዛሬ የግብርና ኤክስቴንሽን የምንለው ሥራ የዚያ ልጅ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የካዱ ዋና እንቅፋት በአንድ ቀን ተነሣ። ድርጅቱ አርዱ ተብሎ በአርሲ ክፍለ ሀገር ሙሉ ተስፋፋ። ባለመሬቱ ቢሄድም የእህል ኮታ መጣ፣ መንደር ምሥረታ መጣ፤ ከትልልቆቹ ሜካናይዝድ እርሻዎች ብዙዎቹ እነ ዲክሲስ፣ ሎሌ፣ ጎፈር፣ ጋራደላ የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ይህ ዘመን ለብቻው ጥናት የሚያስፈልገው ነው፤ አልፈዋለሁ።

አሁን በመኸር ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ኮምባይነር ተሰልፎ ያያል። በትንሽ ማሳ ላይ በተከራየ ማሽን ስንዴ ማጨድ በአርሲ ተራ ነገር ሆኗል። ወጣቱ መሬት የለውም፤ ያለው ያከራያል፤ ማሽን ያለው ይከራያል። ኩታ ገጠም እርሻ ሲታቀድ የመሬቱና የማሽኑ ባለቤት ማን እንደሆነ ማየት፣ ካዱ ከ50 ዓመት በፊት በመዘገበው ዓይን፣ አሁንም ተገቢ ነው።

ቁሉምሳ የአገሪቱን የስንዴ ምርምር ያስተባብራል፤ ለምሥራቅ አፍሪካም የልህቀት ማዕከል ነው። ትልቁ ጠላቱ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ጋላማን አጠፋቸው። እነዚህ ሁለቱ በገበሬው ዘንድ የተወደዱ ዝርያዎች ነበሩ፤ ጋላማም ስሙን የወሰደው ከአሰላ ምሥራቅ ካለው ሰንሰለት ነው። ቢጫ ዋጉን የቻለው ዲገሉ በሰፊው ተዘራ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ግን የግንድ ዋግ አርሲና ባሌ ላይ በወረደ ጊዜ ዲገሉም ወደቀ። በዋግ ተመራማሪዎች ዘንድ ያ የዋግ ዓይነት እስከ ዛሬ በዲገሉ ስም ይጠራል፤ የአንድ የአርሲ ወረዳ ስም በዓለም ቤተ ሙከራዎች የሚታወቀው በዚህ መንገድ መሆኑ ያሳዝናል። ካካባ፣ ደንደአና ሌሎች ከቁሉምሳ የወጡ ዝርያዎች ቦታውን ያዙ። አንድ ዝርያ ሲወጣ ሌላው ከኋላው ካልተዘጋጀ በአንድ ክረምት የአገር ዳቦ ሊጠፋ ይችላል። 60ኛ ዓመቱ የሚከበርለት ሥራ ይህ ነው።

ስንዴው ብቻ አይደለም፤ በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ዋና የብቅል ምንጭ ነበር። ከበቆጂና ከሳጉሬ ደጋ የሚመጣው የቢራ ገብስ እዚህ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ወደ ቢራ ፋብሪካዎች ይጫናል። የአርሲ ዩኒቨርሲቲና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ የከተማዋ አዳዲስ ምሰሶዎች ናቸው። ስለ ሁለቱም ብዙ የምለው የለኝም።

ወደ ሩጫው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደው አሰላ አጠገብ ነው። ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ እንደ ነበረና ደብተሩን በግራ እጁ ሥር ሸጉጦ መሮጡ በኋላም በአሯሯጡ ላይ መቅረቱን ዓለም ሁሉ ሰምቷል። የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ድል በአባቱ ራዲዮ መስማቱንም እንዲሁ። በአትላንታና በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰኮንድ ነበር። ከአሰላ በደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያለችው በቆጂ ግን ብቻዋን ብዙ አገሮችን ታሳፍራለች። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን አሸነፈች። ከዚያ ቀነኒሳ በቀለ፣ ከዚያ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ፣ ሦስቱ እኅትማማቾች። ሲፋን ሐሰን ደግሞ ልጅነቷን ያሳለፈችው ከርሳ ነው፤ ዛሬ ለኔዘርላንድስ ትሮጣለች፤ የፓሪሱን የሴቶች ማራቶንም እሷ ወስዳዋለች።

ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባል ከፍታው ነው ይባላል። አልቀበለውም፤ ቢያንስ ብቻውን አልቀበለውም። ከፍታ ቢሆን ኖሮ መንዝም፣ ጉና ግርጌም፣ ጨንቻም እንዲሁ ብዙ ሯጭ ባወጡ። ገብሱና ወተቱ ነው የሚሉም አሉ፤ ገብስና ወተት በየደጋው አለ። በቆጂን ልዩ ያደረጋት እኔ እንደሚመስለኝ አንድ አስተማሪ ነው። ስንታየሁ እሸቱ ወደ ከተማዋ የመጡት የስፖርት መምህር ሆነው ነው፤ ከሯጮቹ ብዙዎቹን በልጅነታቸው አሠልጥነዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በእሳቸውና በልጆቹ ላይ ያተኩራል። ደራርቱ ካሸነፈች በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ የበቆጂ ልጅ ሩጫ ተጨባጭ መውጫ መንገድ ሆነ። ፊልሙን ያየ ሰው ከመቶ ልጆች ስንቱ እንደማይሳካለትም ያስተውላል። የሜዳልያውን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ያንን ይዘነጉታል። በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አንዳንዶቹን ይቀበላል።

ተራራ ለሚወድ ሰው አሰላ መነሻ ናት። ጭላሎ፣ ካካና የባዳ ጫፎች ከ4,000 ሜትር ይበልጣሉ። ላዩ የጅብራና የአስታ አገር ነው፤ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን አሉበት። ስለ አጋዘኑ አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። ዛሬ ሰው እሱን ለማየት ወደ ባሌ ይሄዳል፤ ለሳይንስ መጀመሪያ የተዋወቀው ግን ከአርሲ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ገድሎ ወሰደው፤ ሪቻርድ ሊደከርም በ1910 ስም አወጣለት። በዓለም ከተገኙት ትልልቅ አጥቢ እንስሳት መጨረሻ ላይ ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ጭላሎ ጋላማን፣ ካካን፣ ሁንቆሎንና በቆላው ደራ ድልፈቃርን አቅፎ ተከለለ። ግጦሹና እርሻው ግን ወደ ላይ መውጣቱን አላቆመም። ቀታር ወንዝ ከእነዚህ ተራሮች ወርዶ ዝዋይን ይመግባል፤ ስለዚህ የተራራው ጉዳይ የታችኛውም አገር ጉዳይ ነው።

ቆላውን በአጭሩ። በአርባ ጉጉና በአዋሽ ዳር ቡናና ፍራፍሬ አለ፤ በየሱቁ የምናየው የመርቲ ቲማቲም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ፈረቃሳ፣ የእመት ሞሚና ደብር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በስለት የሚሄድበት ቦታ ነው። ከዚህ አካባቢ አንዳንዱ በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር ደርሶበታል፤ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ይገባል።

ለመጎብኘት ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ፤ ስንዴው ይበስላል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ኮምባይነሩ ይወጣል። ጠዋት አሰላ ደርሶ፣ ቀን ሳጉሬን አልፎ በቆጂ፣ ማታ ተመልሶ ጩኮ ለአንድ ቀን ይበቃል። ጭላሎን መውጣት የፈለገ አንድ ቀን ይጨምር፤ መሪም ይያዝ።

ለአርሲ ዩኒቨርሲቲ አንድ ልመና አለኝ። ካዱ በተከታታይ ቁጥር ያሳተማቸው የጥናት ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለ ጭላሎ ጭሰኛ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ መፈናቀሉ፣ ስለ ስንዴው የሚናገሩትን መርጦ በኦሮምኛና በአማርኛ ቢያሳትማቸው፣ የጭሰኞቹ የልጅ ልጆች ስለ አያቶቻቸው የተጻፈውን ራሳቸው ያነቡት ነበር። ለ60ኛው ዓመት ከዚህ የተሻለ ሥራ አይታየኝም።